ከገጹ ግርጌ የነበረው ስም

በሁለት ሺህ አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በወርኃ ግንቦት፣ በዕለተ ማክሰኞ ከቀትር በኋላ፣ በጎንደር ከተማ አራዳ ውስጥ መብራት መጣ።

ለዚህ ዜና ደወል አልተደወለም፤ እልልም አልተባለም። ግማሽ ራሱን ተላጭቶ ግማሹን ይዞ ሲጠባበቅ የቆየ አንድ ሰው ተመስገን ብሎ ወደ ፀጉር ቤቱ ወንበር ተመለሰ፤ የጭማቂ ቤቱ ማሽን ማጓራት ጀመረ፤ በቃ። የመብራቱ መምጣት ያስከፋቸው ሰዎች ቢኖሩ በሳሊም የጽሕፈትና የኮምፒዩተር ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። በዚያ ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበር። በጠፋ ቁጥር አትጠገብና ሳሊም የጨለመ ስክሪን ፊት ቁጭ ይላሉ፤ ሌላ የሚያዩት ነገር ስለሌለ ይተያያሉ። ሲመጣ ግን ሥራ አለ፤ ወደ ስክሪኑ መዞር ግድ ነው። ዞሩ።

ስክሪኑ ላይ የአትጠገብ ፎቶግራፍ አለ፤ ከጎኑ «አትጠገብ ገብረ ሚካኤል፣ ደራሲ» ይላል። እሷ ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ባየች ቁጥር የሰው ነጠላ ለብሳ አደባባይ የወጣች ያህል ትሸማቀቃለች። ደራሲ የሆነችው በአንድ መጽሐፍ ነው። ኮሶዬ ላይ አስተማሪ ሳለች፣ ጉሙ መስኮት ድረስ እየመጣ በሚቀመጥበት በዚያ ብርድ፣ ብርድ ልብስ ተከናንባ የጻፈችው «ከኮሶዬ ማዶ» የሚል ልቦለድ ነው። ረቂቁን ለማስተየብ ወደዚህ ሱቅ ያመጣችው ዓምና ነበር። ሳሊም ሲተይብ ከረመና የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ሲደርስ አቆመ። «መጨረሻውን ልተይበው እጄ እምቢ አለኝ። ልጁ ምነው ትቷት ሄደ?» የሚል መልእክት በስልክ ላከላት። አትጠገብ መልሱን በቃል ልትነግረው መጣች። መልሱ ይኸው ዓመት ፈጀ።

ድረ ገጹም የእሱ ሐሳብ ነበር። መጽሐፍሽ ጎንደር ውስጥ ያለው ሁለት መደብር ነው፣ አንደኛው ከሳሙና ጀርባ ነው የደረደረው፤ ይኼ ግን ዓለም ሁሉ የሚገባበት ሱቅ ነው፣ አላት። ፊደሎቹ አራት ማዕዘን ሳጥን እየሆኑ አስቸገሩ፤ አስተካከላቸው። ፎቶግራፏን ያነሳትም እሱ ነው። ፎቶግራፉን የሚያይ ሰው ሁሉ ልጅቷ ካሜራውን ሳይሆን ከካሜራው ኋላ ያለውን ሰው እያየች መሆኗን ያውቅ ነበር፤ እሷ ብቻ አላወቀችም።

የሳሊም አባት አያ አብዱልጀሊል ቅዳሜ ገበያ ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ጨርቅ ሲነግድ የኖረ ቤት ልጅ ናቸው። የአትጠገብ አባት አቶ ገብረ ሚካኤል የወፍጮ ቤት ባለቤትና የሰበካ ጉባኤ አባል ናቸው። ሁለቱ ሽማግሌዎች በሠርግም በለቅሶም የማይለያዩ ወዳጆች ናቸው፤ አንዱ የሌላው ቤት የሚበላውንና የማይበላውን ጠንቅቆ ያውቃል። ወዳጅነታቸው የጠበቀ ነበር፤ የጠበቀውም ልጆቻቸው ይዋደዳሉ ብሎ ያሰበ ሰው ስላልነበረ ነው።

አትጠገብ ገጹን ወደ ታች ገፋችው። ከግርጌው በደቃቅ ፊደል «ይህን ገጽ ያዘጋጀው ሳሊም አብዱልጀሊል ነው» የሚል አለ። ገጹ ለዓለም ክፍት ከሆነ ጀምሮ እዚያው ነበር።

«ይኼ የታችኛው» አለች።

«የቱ?» አለ ሳሊም። የቱ እንደሆነ ያውቃል።

«ስምህ። እሑድ እነ አባዬ ያዩታል። እስከ እሑድ ብቻ... ለጊዜው።»

ሳሊም እጁን ኪቦርዱ ላይ አስቀመጠ። «እዚህ የሚመጣ ሰው ሁሉ ስሜን አጉልተህ ጻፍልኝ ነው የሚለኝ» አለ። «አጥፋ የተባልኩት ዛሬ ነው።»

«እስካሁን ማን አይቶታል?»

«የዚህ አገር ሰው ማን ያየዋል። አክስቴ ፈህሚያ ብቻ ናት፣ ጅዳ ያለችው። ላፕቶፑን የላከችልኝ እሷ ናት፤ ምን እየሠራህበት ነው ብትለኝ አድራሻውን ላክሁላት።»

«ጅዳ ሩቅ ነው» አለች አትጠገብ።

«ሩቅ ነው» አለ እሱም።

አጠፋው። መስመሩን ባንድ ጊዜ ማጥፋት ይችል ነበር፤ በአራዳ ከሱ የፈጠነ ተያቢ የለም። እሱ ግን ከመጨረሻው ጀምሮ ፊደል በፊደል ነበር ያጠፋው። «ነው» ሄደ። የአባቱ ስም ሄደ። በመጨረሻ ከስሙ «ሳ» ብቻ ቀረች፤ ጣቱ እዚያ ላይ ትንሽ ዘገየ። አትጠገብ በዚያች ሰዓት ተው ማለት ትችል ነበር። አንድ ቃል ነው። አላለችም። «ሳ» ስትጠፋ ደረቷ ውስጥ አንድ ነገር ተነቅሎ የወጣ መሰላት፤ የነቀለችውም ራሷ ነበረች።

* * *

ነገሩ የተበላሸው ከዚያች ማክሰኞ በፊት ነው። አቶ ገብረ ሚካኤል ይህን ድረ ገጽ የሚሉትን ማን ሠራልሽ ብለው ሲጠይቋት፣ አትጠገብ ሳሊም ልትል አፏን ከፈተች። የወጣው ግን «አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት» የሚል ሆነ። ውሸቱ ትንሽዬ ነበር፤ አዲስ አበባ ስለገባበት ግን ተከበረ። አባቷ ለወፍጮ ደንበኞቻቸው አወሩት፤ ለሰበካ ጉባኤው አወሩት። እህል ለማስፈጨት የመጣች ሴት ሁሉ የአቶ ገብረ ሚካኤልን ልጅ አዲስ አበባ ድረስ እንደሚያውቋት ሳትሰማ ዱቄቷን ይዛ አትወጣም።

ከዚያ ድግሱ መጣ። ቤት ሲመረቅ በግ ይታረዳል፣ መኪና ሲገዛ በግ ይታረዳል፣ ድረ ገጽ በምን ያንሳል፣ አሉ አባቷ። ጊዜው በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ዘመድና ጎረቤት ይጠራ ተባለ። አባቷ ሁለት በጎች ገዙ። እናቷ ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ካልጠፋ ዕቃ አዲስ ድስትና አዲስ ሳህኖች ገዝተው መጡ። ቅዳሜ ጠዋት አንደኛው በግ ከግቢ ጠፋ፤ አዲሱም ድስት አብሮ ጠፋ። አትጠገብ ይህን ሁሉ አየች። ግን የራሷ ጉድ ሆዷ ውስጥ ተቀምጦ ስለ በግ ለመጠየቅ አፍ አልነበራትም።

እሑድ ማሽኑን የሚከፍት ሰው ያስፈልጋል። አንድ ቴክኒሽያን ይመጣል አለቻቸው። እናቷ የማን ልጅ ነው ብለው ጠየቁ። አላውቀውም አለች። እንዲህ ያለ ክህደት በሰሙነ ሕማማት ሲነበብ በየዓመቱ ሰምታለች፤ ልብሷ እስኪርስ ያለቀሰችበትም ዓመት አለ። የጎረቤት ዶሮ ግን በዚያ ሰዓት አልጮኸም፤ አመድ ውስጥ እየተንደባለለ ነበር።

የከበደው ምሳው ነው። በዚያ ቤት ገብቶ ሳይበላ የሚወጣ እንግዳ የለም። ሳሊም እንዲበላ በሙስሊም እጅ የታረደ ሥጋ በሌላ ድስት መሠራት አለበት። ይሠራ ለማለት ሙስሊም ነው ማለት ያስፈልጋል። ሙስሊም ነው ከተባለ እናቷ የማን ልጅ ነው ይላሉ፤ ይኼ ጥያቄ ደግሞ ጎንደር ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገር ሳይሞላ መልስ ያገኛል። ዝም ከተባለ የማይበላው ሥጋ ከፊቱ ይቀርባል። አትጠገብ ሌሊቱን ስታወጣ ስታወርድ አድራ፣ ሦስተኛ መንገድ አገኘች። ቅዳሜ ረፋድ ላይ መንገዷን ይዛ ወደ ሱቁ ሄደች። ሳሊም ላፕቶፑን በጨርቅ ሲወለውል ደረሰች።

«ነገ ምሳ ሲቀርብ...» ብላ ጀመረች፤ ቀሪውን መጨረስ አቃታት።

«አልበላም» ብሎ ጨረሰላት።

«ጨጓራውን ያመዋል ብዬ ልንገራቸው?»

ሳሊም ሐኪም ይመስል አሰበበት። «ሸጋ ነው። ጨጓራ የተባለ እንደሆነ የሚጠራጠር የለም።»

ሳቀች፤ ሳቁ መንገድ ላይ ቀረ። እሱ መወልወሉን ቀጠለ። ከዚያ ቀና ሳይል፣ የወንድሟ ሠርግ ትዝ ይላት እንደሆነ ጠየቃት። እሱ ያኔ ልጅ ነበር፤ ከአባቱ ጋር መጥቷል፤ ካደገ ወዲህ ግን እነ አባቷ አይተውት አያውቁም። ለሙስሊም እንግዶች ለብቻ ዳስ ተጥሎ፣ ለብቻ ታርዶ፣ ለብቻ ተሠርቶ ነበር።

«አባትሽ ሙሽራውን ትተው እኛ ዳስ መጡ» አለ። «ይኼ ልጅ አልበላም ብለው በእጃቸው አጎረሱኝ። አፌ ሙሉ ነበር፤ ደገሙኝ። ከዚያ ቤት ሳይበላ የሚወጣ የመጀመሪያው አብዱልጀሊል እኔ ልሆን ነው።»

አትጠገብ ቅር፣ አትምጣ ልትለው ፈለገች። ና፣ ማን እንደሆንክ እነግራቸዋለሁ ልትለውም ፈለገች። ሁለቱም ጉሮሮዋ ላይ ተገናኝተው አንዱ አንዱን አላሳልፍ አለ። ሳሊም ፊቷን አየና ጨርቁን አስቀመጠ።

«ለጊዜው ነው» አላት በለሆሳስ፣ የራሷን ቃል ለራሷ አበድሮ።

ቢቆጣት ትችለው ነበር። ማጽናናቱን ግን እስከ ቤቷ በር ድረስ እንደ ጭነት ተሸክማው ሄደች።

* * *

እሑድ ሳሎኑ ሞላ። ከኮሶዬ የመጡ ዘመዶች በአንድ በኩል፣ የሰበካ ጉባኤው ሰዎች በሌላ በኩል፣ መካከል ላይ በጥልፍ ጨርቅ በተሸፈነ ጠረጴዛ ላፕቶፑ። የስልኩ ሽቦ ከመኝታ ቤት ተስቦ መጥቷል። ሳሊም ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ፣ ሁሉንም ሰው ዝቅ ብሎ ሰላም ብሎ፣ ስሙን የጠየቀው ሰው ስለሌለ ስሙን ሳይናገር ተቀመጠ።

ማሽኑ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ ያን ጩኸቱን ለቀቀው፤ የነፍስ አባታቸው አባ ተክለ ጊዮርጊስ አማተቡ። ከዚያ የአትጠገብ ፎቶግራፍ ከላይ ወደ ታች በቀስታ መውረድ ጀመረ። ፀጉሯ ነው፣ አለ አንዱ። ግንባሯ የእናቷ ነው፣ አለች ሌላዋ። የኮሶዬው አጎቷ ወጣ ብሎ በቅሎውን አይቶ ተመለሰና አፍንጫዋ ደረሰ ወይ ብሎ ጠየቀ። ገና ነው ተባለ።

ሙሉ ፊቷ ሲወጣ ሴቶቹ እልል አሉ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሊባርኩ ተነሡና የገጹ ቤት የት እንዳለ ጠየቁ። ሳሊም በትሕትና፣ አባቴ፣ ገጹ የተቀመጠበት ማሽን አሜሪካ ነው አላቸው። አሜሪካ በየት በኩል ነው የሚለው አከራከረ። በመጨረሻ አቶ ገብረ ሚካኤል አውሮፕላኑ የሚነሳው ከአዘዞ አይደለም ወይ ብለው አሳመኑ፤ አባም ወደ አዘዞ ዞረው ባረኩ።

ከዚያ አባቷ ለምስጋና ቆሙ። እግዚአብሔርን አመሰገኑ፤ እንግዶቹን አመሰገኑ። «ይህንንም ለሠራው ለአዲስ አበባው ድርጅት ምስጋና ይገባዋል» አሉና ቆም አሉ። «ስሙ ማን ነበር፣ ልጄ?»

ሲጠይቁ የሚያዩት እሷን አልነበረም፤ ሳሊምን ነበር። አትጠገብ ይህን አይታለች፤ ልብ ያለችው ግን በኋላ ነው። በዚያች ቅጽበት ያየችው የገጹን ግርጌ ነው፤ ነጭ ባዶ ቦታ። ሳሊም የስልኩን ሽቦ ያያል። ቤቱ ሁሉ ይጠብቃል። አፏ ከግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ አንድ የሆነ ስም አንሥቶ ሰጠ።

እንግዶቹ አጨበጨቡ። ሳሊምም አጨበጨበ።

ከጭብጨባው ሁሉ የእሱ ተለይቶ ተሰማት። ብታለቅስ በደስታ ነው ይላሉ፤ ማልቀስም ለካ መብት ይፈልጋል። ሰውየው ፊደሏን ፊደል ያደረገላት፣ ፊቷን ለዓለም ያወጣላት ሰው ነው፤ ይኸው አባቷ ቤት ተቀምጦ ለሌለ ድርጅት እጁን እያጋጨ ነው።

ምሳ ቀረበ። እናቷ ሳሊም ዘንድ ሲደርሱ፣ ጨጓራዬን ያመኛል እማማ፣ አላቸው። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል እንግዳ አልበላም ሲል በእናቱ፣ በታቦቱ እያሉ የሚለማመጡ ሴት ናቸው። ዛሬ ግን እግዜር ይማርህ ብለው አለፉት። ሰው ሁሉ ሲጎርስ ሳሊም እጆቹን ጭኑ ላይ አድርጎ መኪና እንደሚጠብቅ መንገደኛ ተቀመጠ። አንድ ጊዜ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተገጣጠሙ። ወቀሳ ብትፈልግበት አጣች። ያየችው፣ ጨለማው ሱቅ ውስጥ መብራት ሲጠፋ የሚያያትን ያንኑ ዓይን ነበር።

አትጠገብ የያዘችውን ጉርሻ መለሰችው። ተነሣች። ስትነሣ የምትለውን ታውቅ ነበር፤ ድርጅት የለም ልትል ነው። ዘግይታለች፤ ግን ልትል ነው።

ቃሉ አፏ ላይ እንዳለ የጓሮው በር ተከፈተ።

አያ አብዱልጀሊል ነጭ ቆባቸውን እንዳደረጉ፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ገቡ። ያ አዲሱ ድስት በሁለት እጃቸው ነው። ከኋላቸው እናቷ እንጀራና ማንም ያልበላባቸውን አዳዲስ ሳህኖች ይዘው ገቡ። ሽማግሌው እንዴት ዋላችሁ አሉ። አቶ ገብረ ሚካኤል ምንም ሳይደነቁ ተነሡና ከሳሊም አጠገብ ቦታ አስለቀቁ።

«ኑ፣ አያ አብዱልጀሊል፣ እዚህ ጋ። ምነው ዘገዩ?»

«ዙህራ ናት፤ ገና አልበሰለም ብላ ይዛኝ ነው» አሉ ድስቱን እያስቀመጡ።

የጠፋው በግ የት እንደሄደ አትጠገብ ያን ጊዜ ገባት። አያ አብዱልጀሊል ቤት ሄዶ፣ በእሳቸው እጅ ታርዶ፣ የሳሊም እናት ሠርታው ተመልሷል። የማን ልጅ እንደሆነ ለማይታወቅ ለአንድ ቴክኒሽያን፣ አንድ ሙሉ በግ።

አያ አብዱልጀሊል ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡና አዩት። «ጨጓራህን ከመቼ ወዲህ ነው?» አሉት። ሳሊም አንገቱን ደፋ።

አትጠገብ የምታደርገውን ሳታውቀው ማንቆርቆሪያውን ከሠራተኛዋ እጅ ተቀብላ ሽማግሌውን ልታስታጥብ ጎንበስ አለች። እጃቸውን ዘረጉላት፤ ውሃው መውረድ ጀመረ።

«ፈህሚያ ከጅዳ ሰላም ብላሻለች» አሏት፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። «ያንን ገጽሽን በየቀኑ ነው የምታየው። መጀመሪያ የሳሊምን ስም ከግርጌው አገኘሁት ብላ ደውላ ስትደሰት ነበር። ረቡዕ ደግሞ ደወለችና ‹ስሙን ምነው አጠፉት?› አለችኝ።» እጃቸውን አገላብጠው አሹ። «እኔ ምን አውቃለሁ። አያ ገብሬን ብጠይቃቸው እሳቸውም አናውቅም አሉኝ።»

የሚያኝክ ሰው ማኘኩን አቆመ። አባ ተክለ ጊዮርጊስ ሳህናቸው ላይ አንድ የሚመረመር ነገር አገኙ። የኮሶዬው አጎቷ እንኳ በቅሎውን አላስታወሰም። አትጠገብ እያፈሰሰች ነው። ውሃው ማስታጠቢያውን ሞልቶ ምንጣፉ ላይ ወረደ፤ ሽማግሌውም እጃቸው ከታጠበ ቆይቷል፤ ግን አልሰበሰቡትም።

በመጨረሻ ቀና አለችና ማንቆርቆሪያውን ወደ ሳሊም አዞረች። በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እጁን ዘረጋላት። አዘነበለችው። ምንም አልወረደም፤ ውሃው አልቋል። ባዶ ማንቆርቆሪያ አዘንብላ፣ ባዶ እጁን እያየች ቆመች።

አቶ ገብረ ሚካኤል እንጀራቸውን እየቆረሱ፣ ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ሂጂ ቅጂለት እንጂ፣ ልጄ። ወይስ ውሃውንም የአዲስ አበባው ድርጅት ነው የሚያመጣለት?»